ደህና ከሆንኩ ዘንቢሉ ይመጣል

መቀመጥ አይሆንልኝም። እየበላሁ እነሳለሁ፤ መኪና ስጠብቅ የመናኸሪያውን አጥር ዳር ዳሩን እዞራለሁ፤ ሳስተምር ከሰሌዳው እስከ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ እስከ ሰሌዳው እመላለሳለሁ። መቱ ባዮሎጂ የማስተምራቸው ልጆች «ቲቸር ዛሬ በእግሯ ጎሬ ደርሳ ተመለሰች» እየተባባሉ ይስቁብኝ ነበር።

ያን ዓመት ግን ነገሩ ከእግሬ ወደ ሆዴ ገባ። የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ልወስድ ነበር፤ ለሁለተኛ ጊዜ። የመጀመሪያውን ወድቄ አይደለም። ለመጀመሪያውማ ጭራሽ አልተቀመጥኩም። በዋዜማው «አባትሽን አሟቸዋል» የሚል ወሬ አባቴ ከሚኖርባት፣ ከመቱ ወዲያ ካለችው ቡሬ በመጣ ሰው በኩል ደረሰኝና መጽሐፌን እንደተከፈተ ትቼ ባገኘሁት ቅጥቅጥ ሄድኩ። እየሮጥኩ ከግቢው ስገባ አባቴ በረንዳ ላይ ጋቢ ደርቦ በቆሎ ይፈለፍላል። ወባ ነበር፤ ለቆታል።

«ምን ልትሠሪ መጣሽ?» አለኝ።

«ታሟል ብለውኝ።»

«ፈተናሽ ነገ አይደለም እንዴ?»

«ነው።»

የፈለፈለውን በቆሎ ሰፌዱ ላይ ትቶ ወደ ጓዳ ገባ። እስክመለስ ድረስ በቅጡ አላናገረኝም። እኔ ፈተናው ስላመለጠኝ ካዘንኩት ይልቅ እሱ የተናደደው በለጠ። ምክንያቱ እሱ መሆኑ ነው ያንገበገበው።

አባቴ ጡረታ የወጣ የወረዳ ዳኛ ነበር። ችሎቱን በአፋን ኦሮሞ ይመራ፣ ቤቱን በአማርኛ ይቆጣ ነበር። እናቴ ካረፈች ወዲህ ብቻውን ነው የሚኖረው፤ አጥር ለአጥር የምትጎራበተው እህቱ፣ አክስቴ፣ እሱ አልፈልግም እያለ ትንከባከበዋለች። ዳኝነቱ ከጡረታ በኋላም አልለቀቀውም። ሰው ሲያወራ የተባለውን ለብቻ፣ ያልተባለውን ለብቻ ያስቀምጣል። ልጅ ሆኜ «ሁሉም ሰው ሄዷል፣ እኔም ልሂድ» ብዬ ሳለቅስበት «ሁሉንም ጠይቀሻል?» ይለኝ ነበር። እንዲህ ካለ አባት ጋር ማደግ ምን ያህል እንደሚያበሳጭ ያደገበት ያውቀዋል።

በሚቀጥለው ዓመት እንደገና መመዝገቤን ስነግረው ከፊቱ አስቀመጠኝ።

«ስሚኝ» አለ። «እኔ ደህና ከሆንኩ ቅዳሜ ቅዳሜ ዘንቢሉ ይመጣል። ያልመጣ ቀን ያን ጊዜ ነይ። ሰው ያወራውን ሰምተሽ እንዳትነሺ።»

«እሺ» አልኩት።

ዘንቢሉን ማስረዳት አለብኝ። ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ መቱ ከተቀጠርኩ ጀምሮ በአባቴና በእኔ መካከል አንድ ዘንቢል ይመላለሳል። እሱ ከጓሮው ጎደሬ፣ አቮካዶ፣ ሲያገኝም ማር በጠርሙስ ሞልቶ ይልካል፤ እኔ ባዶውን የሚወደውን ዳቦ ጨምሬበት እመልሳለሁ። አመላላሹ በቡሬ መስመር ሲነዱ የሸበቱ ሹፌር ናቸው፤ ጋሼ እላቸዋለሁ። አባቴ መንገድ ላይ ማንም እጁን እንዳያስገባ የዘንቢሉን አፍ በጆንያ መርፌና በቀይ ሲባጎ ይሰፋዋል። ስፌቱ ፍርድ ቤት መዝገብ የሚሰፋበት ዓይነት ነው፤ ሦስት ቦታ ይወጋና መጨረሻው ላይ ትንሽ ቋጠሮ ትቀመጣለች። ያቺን ቋጠሮ ከሺህ ቋጠሮ መሀል አውቃታለሁ።

ለፈተናው አራት ሆነን ከሥራ በኋላ ባዶ ክፍል ውስጥ እንሰበሰብ ነበር። የሚመራን አንድ የሒሳብ መምህር ነው፤ ረጋ ያለ፣ ጠመኔውን እንኳ ሳይሰብር የሚጨርስ ሰው። እኔ እየተንቆራጠጥኩ እሱ ቀስ ብሎ ሲጽፍ ማየት ራሱ ፈተና ነበር። ጥያቄው በእንግሊዝኛ ነው የሚመጣው፤ ጭቅጭቁ ግን ባማርኛም በአፋን ኦሮሞም ነው፤ ሲበዛ ሁለቱም ይደባለቃሉ።

ከሁሉም ያስቸገረን «ክርክሩን ይበልጥ የሚያጠናክረው የትኛው ነው?» የሚለው ዓይነት ነበር። መምህሩ መጀመሪያ ቀን ሰሌዳው ላይ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ ዝናብ ከዘነበ መንገዱ ይጨቀያል። መንገዱ ጨቅይቷል። ስለዚህ ዘንቧል።

«ትክክል ነው» አልነው በአንድ ድምፅ። መቱ ላይ ዝናብ ያልዘነበበት ቀን ማን ያስታውሳል?

«ቧንቧ ፈንድቶ ቢሆንስ?» አለ። «ከቡና ማጠቢያ የተለቀቀ ውሃ ቢሆንስ?»

«ዝናብ» ከሚለው ቃል ሥር በጠመኔው አሰመረ።

«ክርክሩ ቀዳዳ አለው። ዝናብ ጭቃ ያመጣል ተባልን እንጂ ጭቃ ሁሉ ከዝናብ ነው አልተባልንም። እናንተ ግን ቀዳዳውን ትታችሁ ደህና የሆነውን ግድግዳ ትለስናላችሁ። ‹ኃይለኛ ዝናብ ሁልጊዜ መንገድ ያጨቀያል› የሚል ምርጫ ስታዩ ደስ ይላችኋል። ምን ጨመረ? ምንም። ቀዳዳውን የሚደፍነው ‹ከዝናብ በቀር መንገዱን የሚያጨቀይ የለም› የሚለው ነው።»

ገባኝ። ከገባኝ በኋላ ግን ዓለም በሙሉ በቀዳዳ ተሞላብኝ። ሻይ ቤት ሰው ሲያወራ ቀዳዳ እሰማለሁ። ርእሰ መምህሩ ስብሰባ ላይ ሲናገሩ ቀዳዳ እሰማለሁ። በደህናው ቀን ዕረፍት የሌላት ሰው ላይ ይህ ሲጨመር አስቡት።

ፈተናው ሲቃረብ ነው መምህሩ ያንን ነገር ያደረገው። ቅዳሜ ቅዳሜ ጥናት አቋርጬ ወደ መናኸሪያ እንደምሮጥ ስለሚያውቅ፣ እየሳቀ «ዛሬ ያንቺን ዘንቢል እንሥራው» አለና ጻፈ። አባቷ ደህና ከሆኑ ዘንቢሉ ይመጣል። ዘንቢሉ መጥቷል። ስለዚህ አባቷ ደህና ናቸው። ከሥሩ ሦስት ምርጫ ደረደረ፦ ሀ፣ አባቷ ደህና በሆኑበት ቅዳሜ ዘንቢሉ ቀርቶ አያውቅም። ለ፣ ከአባቷ በቀር ዘንቢሉን የሚሰፋው የለም። ሐ፣ አባቷ ደህና ካልሆኑ ዘንቢሉን አይልኩም።

ሳላስበው «ለ!» አልኩ። ቋጠሮዋ ናት የመጣችብኝ።

«ለ ማን እንደላከው ነው የሚነግረን» አለ። «በምን ሁኔታ ሆነው እንደላኩት አይነግረንም። ሰው ታሞም ይሰፋል።»

«ሐ ነው በቃ» አልኩ ተናድጄ። «እሱንም ቢሆን አባቴ ነግሮኛል። ተስማምተናል።»

«እንዲያ ከሆነ ክርክርሽ ሙሉ ነው» ብሎ ሰሌዳውን ጠረገው።

የሰው አባት ምሳሌ ይደረጋል? ደብተሬን ሰብስቤ ወጣሁ። ወደ ቤት ስሄድ ግን የተናደድኩት በእሱ እንዳልሆነ አወቅሁ። አባቴ በትክክል ያለኝ ምን ነበር? «ደህና ከሆንኩ ይመጣል» ብሏል። ሌላስ? «ካልሆንኩ አይመጣም» ብሏል? ያለ ይመስለኛል፤ ደግሞ ያላለ ይመስለኛል። ቃሉን ለመያዝ ስሞክር ድምፁ ይመጣል እንጂ ቃሉ አይመጣም።

ደውዬ እንዳልጠይቀው የቡሬ ኔትወርክ ከጠፋ ሰንብቷል። ስልኩ አይጠራም። አይ፣ ኔትወርክ ነው እያልኩ እዘጋለሁ። አንድ ቀን በዕረፍት ሰዓት ከመምህራኑ አንዷ ስልኳን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ትስቃለች።

«ከየት ነው?» አልኳት ስትጨርስ።

«ከቡሬ። እህቴ ናት። ኔትወርክ ተለቀቀ እኮ፣ ከትናንት ወዲያ።»

ለአባቴ ደወልኩ። አይጠራም። አሁንም አይጠራም። ኔትወርክ ከሌለ ስልኩ አይጠራም፤ ስልኩ አይጠራም፤ ስለዚህ ኔትወርክ የለም ስል ነበር የከረምኩት። ያው የጭቃው ክርክር ነው። ከሰዓት በኋላ ያስተማርኩትን ዛሬም አላስታውስም።

ያቺ ቅዳሜ ከፈተናው በፊት የመጨረሻዋ ነበረች። ፈተናው ሰኞ ነው። ቦርሳዬን አንግቼ፣ ልብስ ቀይሬ፣ ዘንቢሉ ካልመጣ በዚያው መኪና ልሄድ ቆርጬ መናኸሪያ ወረድኩ። አጥሩን ስዞር ሎተሪ አዟሪው ሁሉ ታዝቦኛል። የቡሬው ቅጥቅጥ ጭቃ ለብሶ ገባ። ጋሼ ወረዱ። ዘንቢሉ በእጃቸው ነበር።

«አካም ጂርታ፣ እንዴት ነሽ ልጄ!»

«ጋሼ፣ ማን ነው የሰጠዎት?»

«አባትሽ ናቸዋ። ከገዛ እጃቸው ነው የተቀበልኩት።»

«ደህና ናቸው?»

«ለፈተናው በርቺ ብለውሻል» አሉና ወደ ጎማቸው ጎንበስ አሉ። ጎማው ምንም አልሆነም ነበር።

ቋጠሮዋን አየኋት። እሷው ናት። በጣቴ ዳሰስኳት። ከዚያ ሲባጎውን በጥሼ ከፈትኩት፤ ጎደሬ ነው። ጎደሬው ግን ታጥቧል። አባቴ ጎደሬ አያጥብም፤ የታጠበ ጎደሬ ቶሎ ይበሰብሳል ብሎ አፈሩን እንደያዘ ነው የሚልከው። መቱ ገበያ ያሉ ሴቶች ናቸው እንዲያምር አጥበው የሚሸጡት። ቆሜ አሰብኩ። አክስቴ አጥባው ይሆናል። ዝናብ መትቶት ይሆናል። ስፌቱ የእሱ፣ እጁ የእሱ፣ ሹፌሩ ከእጁ ተቀብሏል። ባዶውን ዘንቢል ዳቦ አድርጌበት ለጋሼ መለስኩና ቦርሳዬን አንግቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አላለኝም።

ሰኞ በባጃጅ ወደ ዩኒቨርሲቲው ሄድኩ። መንገዱ በሆስፒታሉ በር ነው የሚያልፈው፤ ከቤቴ ወደ ሥራም ስሄድ በዚያው ነው የማልፈው። ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጥኩ። ከጥያቄዎቹ አንዱ ስለ አንድ ፋብሪካ መብራት ነበር፤ ማሽኑ ከሠራ መብራቱ ይበራል፣ መብራቱ በርቷል፣ ስለዚህ ማሽኑ እየሠራ ነው። መብራቱ በሌላ በምንም ምክንያት አይበራም የሚለውን ምርጫ ሳልወላውል ነካሁት። በማላውቀው ሰው ፋብሪካ እንዲህ እርግጠኛ ነበርኩ።

ስወጣ አክስቴ ከግቢው በር ውጪ ቆማለች።

አክስቴ ያለ ሞት ወይ ያለ ሕመም መቱ አትመጣም። ሮጣ ያዘችኝ።

«አለ! አለ! በሕይወት አለ!» አለች ገና ሳልጠይቃት። «መጀመሪያ ውሃ ጠጪ።»

«የት ነው?»

«እዚሁ ነው።»

«እዚሁ የት?»

በአገጯ ወደ ሆስፒታሉ በኩል አሳየችኝ።

ባጃጅ ውስጥ ነገረችኝ። ልቡ ነው። እግሩ አብጦ፣ መተንፈስ አቅቶት፣ ጋሼ በዚያው ቅጥቅጥ አምጥተውት ካስተኙት ሁለተኛ ሳምንቱ አልፏል። ስልኩን ራሱ ነው የዘጋው፤ ዋሽቶ ማውራት አይችልበትም። ጎደሬውን አክስቴ ከመቱ ገበያ ትገዛለች፤ እሱ አልጋው ላይ ተደግፎ ይሰፋል፤ ጋሼ ቅዳሜ ጠዋት ከመነሳታቸው በፊት ከእጁ ይቀበላሉ። ዘንቢሉ ከመቱ ተነስቶ ቡሬ ደርሶ፣ ተመልሶ መቱ ለእኔ ይሰጣል። እኔ በባዶው የምልከው ዳቦ ደግሞ በጋሼ እጅ እዚያው ሆስፒታል ይገባል።

«ልጅቷ ፈተና አለባት፣ እንዳይነገራት ብሎ ሁላችንንም አስምሎን ነው» አለች። «እኔ ምን ላድርግ?»

በአገራችን ይህ ጭካኔ አይደለም። ፈተና ያለበት ሰው ሕመም አይነገረውም፣ መንገደኛ መርዶ አይሰማም፤ አገር ያወቀውን ባለቤቱ መጨረሻ ያውቃል። እኔም ለሌሎች ስደብቅ ኖሬያለሁ። የተደበቀበት ሰው ምን እንደሚሰማው ግን ያን ቀን ነው ያወቅሁት። ተቆጣሁ። በየቀኑ በዚያ በር ፊት አልፌያለሁ።

ክፍሉ ውስጥ አባቴ ሁለት ትራስ ተደግፎ ተቀምጧል። አንሷል። ኮመዲኖው ላይ ቅዳሜ የላክሁት ዳቦ ግማሹ አለ፤ ከጎኑ ቀይ ሲባጎ፣ የጆንያ መርፌው ተሰክቶበት።

«ፈተናው እንዴት ነበር?» አለኝ።

በሽተኛ ላይ አይጮህም። እኔ ግን ጮህኩ። «ዋሸኸኝ!» አልኩት። «ተስማምተን ነበር! ቃል ሰጥተኸኝ ነበር!» ነርሷ ብቅ ብላ አየችኝ፤ አክስቴ እጄን ጎተተች።

አባቴ እስክጨርስ ጠበቀ። ምስክር አቋርጦ አያውቅም። ከዚያ በሚቆራረጥ ትንፋሹ፣ ቀስ ብሎ፣ «ምን ነበር ያልኩሽ?» አለ። «ደህና ከሆንኩ ዘንቢሉ ይመጣል አልኩሽ። ያልመጣ ቀን ነይ አልኩሽ። ከታመምኩ አይመጣም ብያለሁ?»

አላለም። ቃሉ ያን ጊዜ ጥርት ብሎ መጣልኝ፤ አላለም። ሐን ጨምሬ የሰማሁት ራሴ ነኝ፣ እንዲኖር ስለፈለግሁ። አልጋው ጫፍ ላይ ግንባሬን ደፍቼ አለቀስኩ። እጁን አናቴ ላይ አደረገ፤ ቀላል ነበር፣ ክብደት የሌለው።

«ባልልክ ኖሮ ትመጪ ነበር» አለ።

«እመጣ ነበር።»

«ለዚህ ነው።»

«ስማኝ» አልኩት እንባዬን እየጠረግሁ። «ከዛሬ ጀምሮ ሌላ ቃል ትገባልኛለህ። ዘንቢሉ የሚመጣው ደህና ስትሆን ብቻ ነው። ብቻ! ከታመምክ እጅህ መስፋት ቢችል እንኳ አትልክም።»

መስኮቱን አየ፣ አክስቴን አየ፣ እኔን አየ። ዳኛ ሆኖ ሲኖር ሊፈጽም የማይችለውን አይፈርድም ነበር።

«ደህና ስሆን ብቻ» አለ በመጨረሻ።

አባቴ ተሽሎት ወደ ቡሬ ተመለሰ፤ ፈተናውን አለፍኩ፤ ትምህርቴን እዚያው በከተማችን ጀመርኩ። ዘንቢሉ ቅዳሜ ቅዳሜ መጣ፤ ጎደሬው አፈሩን እንደያዘ፣ አፉ ተሰፍቶ። ቋጠሮዋን ሳይ ያን ቀን እፎይ እላለሁ፤ እሑድ ደግሞ ሌላ ጭንቀት ይጀምረኛል። የሒሳብ መምህሩ አሁን ክርክርሽ ቀዳዳ የለውም እያለ ይቀልድብኝ ነበር።

ክረምቱ ሲገባ አንድ ቅዳሜ መናኸሪያው አጥር ሥር ጃንጥላ ይዤ ስዞር የቡሬው መኪና ገባ። ጋሼ ወረዱ። እጃቸው ባዶ ነበር። እጃቸውን ዘርግተው አሳዩኝ። ስልክ አልደወልኩም፤ ሰውም አልጠየቅሁም። ደህና ከሆንኩ ይመጣል ብሏል፤ አልመጣም። ይህኛው ክርክር ማጠናከሪያ የሚፈልግ አልነበረም። ተመልሶ በሚሄደው መኪና ላይ ወጣሁ።

ስደርስ አባቴ በራሱ አልጋ ላይ፣ ሦስት ትራስ ተደግፎ ነበር። ዘንቢሉ ግድግዳው ላይ ካለ ምስማር ላይ ባዶውን ተንጠልጥሏል፤ የጆንያ መርፌው ቀይ ሲባጎውን እንደያዘ አፉ ላይ ተሰክቷል። ሞልቶ ሊሰፋው ጀምሮ መልሶ እንዳራገፈው ያስታውቃል።

«አልላክሁም» አለኝ።

«መጣሁ» አልኩት።

እግሩን ሰብሰብ አድርጎ አልጋው ላይ ቦታ ለቀቀልኝ። ጫማዬን አውልቄ ተቀመጥኩ። እስኪመሽ ድረስ ከዚያ አልተነሳሁም።